ያውቁ ኖሯል? የሃካሪ ተራሮች አሦራውያንና ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያናቸው

የንስጥሮስን ስም በስብከትም በጉባኤም ያልሰማ ኦርቶዶክሳዊ የለም ማለት ይቻላል። በዚህ ስም ለዘመናት ሲጠራ የኖረው ሕዝብ ማን እንደሆነ፣ የት እንደኖረ፣ ምን እንደሚጾምና እንዴት እንደሚቀድስ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ራሳቸውን አሦራውያን፣ ቤተ ክርስቲያናቸውንም የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ይሏታል። ሊቃውንቶቻችን «ባዕድ» የሚሏት ይህች ቤተ ክርስቲያን ከምናስበው በላይ ቅርባችን ናት። ከታች የሰፈሩት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተራራውና ነገዱ

• የአሦራውያን ነገዶች አገር ሃካሪ ይባላል። በዛሬዋ ቱርክ ደቡብ ምሥራቅ ጥግ፣ ከኢራቅና ከኢራን ድንበር አጠገብ ያለ፣ የዛብ ወንዝ የሰነጠቀው ገደላማ ምድር ነው። እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ድረስ አምስት ታላላቅ ነገዶች ኖረውበታል፦ ትያሪ፣ ትኹማ፣ ጂሉ፣ ባዝና ዲዝ።

• የየነገዱ አለቃ «ማሊክ» ይባል ነበር። ከማሊኮቹ ሁሉ በላይ ግን ፓትርያርኩ ነበሩ። በኦቶማን መንግሥት ፊት ሕዝቡን የሚወክሉት፣ ነገድ ከነገድ ሲጣላ የሚያስታርቁት እርሳቸው ናቸው። ወኅኒ ቤትም ዘበኛም ስላልነበራቸው የሚፈራው ቅጣታቸው ግዝት ነበር።

• ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ መንበረ ፓትርያርኩ የነበረው በከተማ ሳይሆን ቁድሻኒስ በምትባል የተራራ መንደር ነው። ካቴድራሉም ማር ሻሊታ የተባለ ትንሽ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ነበር።

• የቁድሻኒስ ፓትርያርኮች ሁሉ ስማቸው አንድ ነው፦ ማር ሺሙን፤ በእኛ አጠራር ስምዖን። በምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ከ15ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ፓትርያርክነት ከአጎት ወደ ወንድም ልጅ ይተላለፍ ጀመር። ፓትርያርክ አያገባምና መንበሩ ከቤተ ዘመድ እንዳይወጣ የተገኘው መላ ይህ ነበር።

• ለመንበሩ የታሰበ ልጅ በሕይወቱ ሙሉ ሥጋ አይቀምስም። እናቱም ገና ስታረግዘው ከሥጋ ትታቀብ ነበር።

• የውርስ ሥርዓት ሕፃናትንም ለመንበር አብቅቷል። ማር ብንያም ሺሙን በ1903 ሲሾሙ ገና የ16 ዓመት ልጅ ነበሩ። የወንድማቸው ልጅ ማር ኤሻይ ደግሞ በ1920 በስደተኞች መጠለያ ውስጥ የተሾሙት በ12 ዓመታቸው ነው።

• ጳጳሳቱም የወል ስም ነበራቸው። የጂሉ ጳጳስ ሁልጊዜ ማር ሰርጊስ፣ የሻምስዲን ሜትሮፖሊጣን ሁልጊዜ ማር ኽናኒሾ ይባላሉ። ለአዲሱ ፓትርያርክ አንብሮተ እድ የሚያደርጉት ማር ኽናኒሾ ነበሩ።

• ይህ የተራራ መንበር በአንድ ወቅት ከሮም ጋር ኅብረት ነበረው። ዮሐናን ሱላቃ የተባሉ መነኩሴ ሮም ሄደው በ1553 ከፓፓው እጅ ተሾሙ። ተተኪዎቻቸው ግን ቀስ በቀስ ከሮም ተለይተው ወደ ሃካሪ ወጡ። በአልቆሽ የቀረው ነባሩ የፓትርያርኮች ሐረግ በኋላ ካቶሊክ ሆነ፤ የዛሬዋ የከለዳውያን ቤተ ክርስቲያን ታሪክም ከዚህ ይመዘዛል። ሁለቱ ቤቶች ቦታ ተለዋወጡ ማለት ነው።

• አሜሪካዊው ሐኪምና ሚሲዮናዊ አሳሄል ግራንት በ1839 ሃካሪ ገባ። በ1841 ባሳተመው መጽሐፍ የተራራው ክርስቲያኖች የጠፉት የእስራኤል ነገዶች ናቸው ሲል ተከራከረ። ክርክሩ ባይጸናም መጽሐፉ ብዙ ተነቧል።

• የማር ብንያም እኅት ሱርማ (1883–1975) ሳያገቡ እንደ መነኩሲት ኖረዋል። ከእንግሊዝ ሚሲዮናውያን ቋንቋውን ተምረው በ1919 ወደ ለንደን በመሄድ ስለ ሕዝባቸው ተሟገቱ። በ1920 በእንግሊዝኛ የታተመው መጽሐፋቸው የቤተ ክርስቲያናቸውን ሥርዓትና የወንድማቸውን ግድያ ይተርካል።

የጂሉው ማር ዛያ

• ጂሉ ከሃካሪ ከፍተኛ ተራሮች ሥር የነበረ ነገድ ነው። ኩራቱ የማር ዛያ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ቅዱሱ በጸሎታቸው ቸነፈርን ይመልሳሉ ተብሎ ይታመናል።

• ነነዌን የቆፈረው እንግሊዛዊ ኦስተን ሄንሪ ላያርድ ይህን ቤተ ክርስቲያን አይቶ በ1853 ባሳተመው መጽሐፉ ጽፎለታል። ከጣሪያው ላይ ከተንጠለጠሉት ስለቶች መካከል የቻይና ሸክላ ማሰሮዎችና ጎድጓዳ ሳህኖች ነበሩበት። የመንደሩ ሰዎች እንደነገሩት፣ ዕቃዎቹን ያመጧቸው ወደ ቻይና የዘመቱ የጥንት ሰባኪዎቻቸው ናቸው።

• ቤተ ክርስቲያኑ የኩርድ መሳፍንት በ1840ዎቹ ባደረሱት እልቂት ጊዜ እንኳ ሳይዘረፍ መቅረቱ ያስገርማል። ሕዝቡ ምክንያቱን ሲናገር በውስጡ የሚጠበቅ አንድ ጨርቅ ነበር ይላል፤ የነቢዩ መሐመድ የጥበቃ ቃል ያረፈበት ነው ተብሎ ስለሚታመን ሙስሊም ጎረቤቶችም ያከብሩት ነበር። በ1915 ግን ማንም አላዳነውም፤ የዘመናት ስለት በዚያን ጊዜ ተዘረፈ።

• የማር ዛያ ስም ዛሬ በካሊፎርኒያ ሕያው ነው። በሞደስቶ ከተማ ያለው የአሦራውያን ካቴድራል በእርሳቸው ስም ይጠራል። የአሁኑ ፓትርያርክ ማር አዋ ሦስተኛ በ1975 ቺካጎ ተወልደው፣ በ2008 ኤጲስ ቆጶስ ሆነው መንበራቸው ሞደስቶ ነበር። በ2021 ኤርቢል ውስጥ ሲሾሙ በምዕራቡ ዓለም የተወለዱ የመጀመሪያው ፓትርያርክ ሆኑ።

ደጁና መቅደሱ

• የተራራው አብያተ ክርስቲያናት በር በጣም ዝቅተኛ ነው፤ ጎንበስ ሳይሉ አይገባም። አንዱ ምክንያት ትሕትና ነው። ሌላው ደግሞ ዘራፊ ከብቱንና ፈረሱን ነድቶ እንዳይገባ ማገድ ነው።

• ውስጡ ሥዕል የለበትም። በተራራው ዘንድ የሚሳለሙት መስቀልን ብቻ ነበር፤ ያውም ስቅለት ያልተሣለበት ባዶ መስቀል። ሚሲዮናውያኑ በዚህ ምክንያት «የምሥራቅ ፕሮቴስታንቶች» ብለው ሊያቀርቧቸው ሞክረዋል። ጾማቸውንና ቅዳሴያቸውን ሲያዩ ግን ግምታቸው አልያዘም።

• ለቁርባን የሚሆነው ኅብስት በእርሾ የተቦካ ነው፤ የሚጋገረውም በጸሎት፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ነው። ከእኛ ቤተ ልሔም ሥርዓት ጋር ይቀራረባል።

• ከዚህ በላይ ግን «ማልካ» የተባለ ቅዱስ እርሾ አላቸው። ትውፊታቸው እንዲህ ይላል፦ ጌታ በመጨረሻው እራት ከሰጠው ኅብስት ወንጌላዊው ዮሐንስ ጥቂት አስቀረ፤ ሐዋርያትም ተካፍለው ወደየአገሩ ወሰዱት። ይህ እርሾ በየዓመቱ በጸሎተ ሐሙስ በዱቄት፣ በጨውና በዘይት ይታደሳል፤ ከአሮጌው ጥቂቱ ምንጊዜም ከአዲሱ ጋር ይቀላቀላል። ያለ ማልካ የተጋገረ ኅብስት አይቀደስበትም።

• የኒሲቢሱ ሜትሮፖሊጣን አብዲሾ ባር ብሪካ በ1298 በጻፉት «ማርጋኒታ» በተባለ መጽሐፍ ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያንን ሰባት ብለው ቆጥረዋል። ከሰባቱ አንዱ ይኸው ማልካ ነው፤ ሌላው ደግሞ የሕይወት ሰጪው መስቀል ምልክት ነው።

• የቅዳሴያቸው ቁጥር ሦስት ብቻ ነው፦ የአዳይና ማሪ፣ የቴዎዶሮስ እና የንስጥሮስ። የእኛ አሥራ አራት መሆኑን ልብ ይሏል። የንስጥሮሱ በዓመት አምስት ጊዜ ብቻ ይቀደሳል።

• የአዳይና ማሪ ቅዳሴ እስካሁን ከሚቀደስባቸው የዓለም ቅዳሴዎች ሁሉ ጥንታውያን ከሚባሉት አንዱ ነው። ጌታ በመጨረሻው እራት የተናገረው «ይህ ሥጋዬ ነው» የሚለው ቃል በጥንታዊ ቅጂዎቹ ውስጥ ተያይዞ አይገኝም። በዚህ ምክንያት ለረጅም ዘመን ሲያከራክር ቆይቶ፣ ቫቲካን በ2001 ቅዳሴው ምሉዕ መሆኑን ተቀበለች።

• በመቅደስ የሚነበበውና የሚዜመው በጥንታዊው ሱርስት ነው። በቤትና በገበያ የሚነገረው «ሱሬት» ደግሞ ዘመናዊ አራማይክ ነው፤ ጌታችን ይናገረው ከነበረው ቋንቋ ቤተሰብ የወጣ ማለት ነው። የእኛን ግእዝና አማርኛ ለለመደ አንባቢ ሁለት ቋንቋ ይዞ መኖር እንግዳ አይሆንበትም።

• የሰንበታቱንና የወቅቶቹን ሥርዓት በ7ኛው መቶ ዓመት ያደራጁት ፓትርያርክ ኢሾያብ ሦስተኛ ናቸው። ዓመቱ ከልደት በፊት ባሉት የብሥራት ሳምንታት ይጀምራል፤ የሚዘጋው ደግሞ «የቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ቤት» በሚባሉት አራት ሳምንታት ነው።

• ቀሳውስቶቻቸው ያገባሉ። ሚስት የሞተችበት ቄስም እንደገና ማግባት ይችላል። በ486 በሰሌውቅያ የተደረገው ጉባኤ ለካህናት ጋብቻን በይፋ ፈቅዷል።

• ገዳማዊ ሕይወት ግን በተራራው ነገዶች ዘንድ በ19ኛው መቶ ዓመት ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ነበር። በአንድ ዘመን መነኮሳቷን እስከ ቻይና የላከች ቤተ ክርስቲያን ነበረች።

ጾምና በዓል

• ጾመ ነነዌ የእኛ ብቻ አይደለም። አሦራውያን «ባዑታ» እያሉ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ይጾሙታል፤ ከመካከላቸው ሦስቱን ቀን እህልም ውኃም ሳይቀምሱ የሚውሉና የሚያድሩ አሉ። የእነርሱ ትውፊት ጾሙን ከዮናስ ታሪክ ጋር ብቻ አያያይዘውም። በ6ኛው መቶ ዓመት በዛሬዋ ኪርኩክ አካባቢ ቸነፈር በገባ ጊዜ ጳጳሱ ሳብሪሾ ሕዝቡን ጠርተው እንዳስጾሙት ይተርካሉ።

• በእነዚያ ሦስት ቀናት ከሚዜሙት ድርሰቶች መካከል በቅዱስ ኤፍሬም ሶርያዊ ስም የሚጠሩ ይገኙባቸዋል። ውዳሴ ማርያምን የደረሰልን ብለን የምናከብረው ኤፍሬም የኒሲቢስ ሰው ነው፤ ከሃካሪ በስተ ምዕራብ ያለችው የዚያው አካባቢ ከተማ።

• በእኛ ዘንድ ጾመ ነነዌ ከገባ በሁለት ሳምንቱ ዐቢይ ጾም ይጀመራል። በእነርሱ ዘንድ ግን ሦስት ሳምንት ይቆያል። ልዩነቱ ያለው በዐቢይ ጾም ርዝመት ነው፤ የእነርሱ 7 ሳምንት፣ የእኛ 8 ነው። የእኛ ተጨማሪዋ የመጀመሪያዋ ሳምንት ጾመ ሕርቃል ትባላለች።

• ያ ሕርቃል መስቀሉን ከፋርስ ያስመለሰው የቁስጥንጥንያ ንጉሥ ነው። በ630 የፋርስ ንግሥት ቦራን ወደ ሕርቃል የላከችው የሰላም መልእክተኛ ማን ይመስልዎታል? የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ ኢሾያብ ሁለተኛ ናቸው።

• ዐቢይ ጾም ሲቃረብ «ሶሚካ» የተባለ ልማድ አለ። ወጣቶች አስፈሪ ጭንብልና ልብስ ለብሰው በየቤቱ ይዞራሉ፤ ሕፃናቱ ደንግጠው ጾሙን እንዲያከብሩ ማለት ነው።

• የመስቀል በዓላቸው መስከረም 13 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይውላል፤ ከብዙዎቹ ሌሎች አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ቀን ይቀድማል። በሰሜን ኢራቅ ክርስቲያን መንደሮች በየኮረብታው እሳት ይለኮሳል። ንግሥት እሌኒ መስቀሉን ስታገኝ ወሬው ከተራራ ወደ ተራራ በእሳት ምልክት ወደ ቁስጥንጥንያ ደረሰ ይላሉ። በእኛ ደመራ ግን ጢሱ የሚያመለክተው መስቀሉ የተቀበረበትን ሥፍራ ነው።

• በዕርገት ቀን ትንንሽ ልጃገረዶች እንደ ሙሽራ ነጭ ለብሰው ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ጣፋጭና ስጦታ ይሰበስባሉ፤ እንደ እኛው አበባዮሽ። በዓሉ «የዕርገት ሙሽራ» ይባላል።

• ከጰራቅሊጦስ በኋላ በሰባተኛው እሑድ የሚውለው «ኑሳርዴል» ደግሞ የውኃ መራጨት በዓል ነው። በሐምሌ ሙቀት ትልቁም ትንሹም በጎረቤቱ ላይ ውኃ ያፈሳል። ትውፊቱ ሐዋርያት ሕዝቡን በጅምላ ያጠመቁበት መታሰቢያ ነው ይላል።

• «ሻራ» የቅዱሱ ዝክር ነው። የተሳለ በግ ይታረዳል፣ ሥጋው በትልልቅ ድስት ተቀቅሎ ለመጣው ሁሉ ይታደላል፣ ከቅዳሴ በኋላም በከበሮና በዙርና እጅ ለእጅ ተያይዞ ይጨፈራል። ከሃካሪ የተነሡ ነገዶች ዛሬ በቺካጎም በሲድኒም የየራሳቸውን ቅዱስ ሻራ ያደርጋሉ። መንደሩ ቢጠፋም የመንደሩ ቅዱስ አብሮ ተሰዷል።

ኤፌሶንና የስሙ ነገር

• የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ንስጥሮስ አልመሠረታትም። በፋርስ ግዛት ውስጥ ያደገች ናት፤ እርሱ ግን በግሪክኛ የሚሰብክ የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ነበር። በ431 በኤፌሶን ጉባኤ ሲወገዝ ውግዘቱን አልተቀበለችም፤ «ሦስቱ የግሪክ መምህራን» ብላ ዲዮዶሮስን፣ ቴዎዶሮስንና እርሱን ታስባለች። ይበልጥ የምትከተለው ግን የሞፕሱዌስትያውን ቴዎዶሮስ ሲሆን፣ «ተርጓሚው» ብላ ትጠራዋለች።

• እኛ በዚያው ክርክር በቅዱስ ቄርሎስ ወገን ነን። «ቄርሎስ» የተባለው የግእዝ መጽሐፍ የኤፌሶንን ክርክር ጽሑፎች ይዟል። ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት በነገረ ክርስቶስ ትምህርት የማዶና የማዶ ናቸው።

• ኅዳር 11 ቀን 1994 ፓትርያርክ ማር ዲንኻ አራተኛና ፓፓ ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ በቫቲካን አንድ መግለጫ ፈረሙ። ድንግል ማርያምን «የእግዚአብሔር እናት» ማለትም «የአምላካችን የክርስቶስ እናት» ማለትም የአንድ እምነት ሁለት አጠራር እንደሆነ ተስማሙ። ለ1,500 ዓመት የቆየ ጠብ በአንድ አጭር መግለጫ ለዘበ።

ሩቅ መንገድ

• በቻይናዋ ሺያን ከተማ በ781 የተተከለ ትልቅ የድንጋይ ሐውልት አለ። አሎፔን የተባለ መነኩሴ በ635 ወንጌልን ይዞ ወደ ቻይና ቤተ መንግሥት መግባቱን በቻይንኛና በሱርስት ይናገራል። የጂሉ ሰዎች ስለ ማሰሮዎቹ የሚያወሩት ተረት ሥር ያለው ታሪክ ይህ ነው።

• በአፍሪካ ቀንድ ማዶ ያለችው የሶቆትራ ደሴትም ለዘመናት በዚህች ቤተ ክርስቲያን ሥር ነበረች። በ6ኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የደሴቲቱ ካህናት ከፋርስ እንደሚሾሙ ጽፏል። ማርኮ ፖሎም ከብዙ ዘመን በኋላ ሊቀ ጳጳሷ በባግዳድ ላለው ፓትርያርክ እንደሚታዘዝ መዝግቧል።

• ይህ ኮስማስ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በዐፄ ካሌብ ዘመን አዱሊስ ደርሶ በዚያ የቆመውን የንጉሥ ዙፋን ጽሑፍ ለትውልድ የገለበጠልን ነጋዴ ነው። የዓለምን አሠራር የተማረው ደግሞ በኋላ የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ ከሆኑት ከማር አባ ነው።

ስደት

• በ1843 የኩርድ መሳፍንት በድር ኻንና ኑሩላህ በትያሪ ላይ ዘምተው በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ፈጁ፤ በ1846 ደግሞ ትኹማ ተመታች። ፓትርያርክ ማር አብርሃም ሺሙን ወደ ሞሱል ሸሽተው በእንግሊዙ ምክትል ቆንስል በክርስቲያን ራሳም ቤት ተጠለሉ።

• የዚህ ቆንስል ታናሽ ወንድም ሆርሙዝድ ራሳም ይባላል። የጊልጋሜሽን ጽሑፍ ከነነዌ ፍርስራሽ ያወጣው እርሱ ነው። ለኢትዮጵያውያን ግን የሚታወቀው በሌላ ነው፦ የእንግሊዝ ንግሥት መልእክተኛ ሆኖ መጥቶ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በሰንሰለት ያሰሩት፣ በሚያዝያ 1868 የተፈታው ሰው። የሞሱል ተወላጅ፣ ቤተሰቡም ከለዳዊ ክርስቲያን ነው።

• በ1915 የሃካሪ ነገዶች ከኦቶማን ጦርና ከአካባቢው ታጣቂዎች ጋር ተዋግተው ከተራራቸው ተነቀሉ። ቱርኮች የማር ብንያምን ወንድም ሆርሚዝድን ይዘው ፓትርያርኩን አስፈራሩ። እርሳቸው አልተበገሩም፤ ወንድማቸው ተገደለ።

• ማር ብንያም ራሳቸው መጋቢት 3 ቀን 1918 በኢራን ሳልማስ አካባቢ ለድርድር በሄዱበት፣ በኩርዱ አለቃ በሲምኮ ሰዎች ጥይት ወደቁ። በዚያው ዓመት ክረምት ሕዝቡ ከኡርሚያ ወደ ሐማዳን ሲሸሽ በመንገድ ላይ በሺዎች አለቁ። የተረፉት ባግዳድ አቅራቢያ በባቁባ ድንኳን ተተከለላቸው፤ የ12 ዓመቱ ፓትርያርክም የተሾሙት በዚያ ነው።

• ነሐሴ 1933 የኢራቅ ጦር በሲሜሌና በአካባቢው ያሉ አሦራውያንን ጨፈጨፈ። ማር ኤሻይ ዜግነታቸው ተገፍፎ ወደ ቆጵሮስ ተባረሩ። «የዘር ማጥፋት» የሚለውን የሕግ ሐሳብ የቀረጸው ራፋኤል ሌምኪን ለሥራው ካነሣሡት ነገሮች አንዱ ይህ እልቂት መሆኑን ተናግሯል። ነሐሴ 7 የአሦራውያን የሰማዕታት ቀን ነው።

• ከሲሜሌ የተረፉት በሶርያ ኻቡር ወንዝ ዳር ሰፈሩ። መንደሮቹን የቆረቆሩት በየነገዳቸው ነው፤ ትያሪ ለብቻ፣ ትኹማ ለብቻ። በየካቲት 2015 አይሲስ እነዚህን መንደሮች ወርሮ ከ200 በላይ ሰዎችን አገተ። የቴል ናስሪን የማርያም ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በዚያው ዓመት በፋሲካ ዕለት በፈንጂ አፈረሰው።

• የዘመን አቆጣጠርም ከፋፍሏቸዋል። ማር ኤሻይ በ1964 አዲሱን አቆጣጠር ሲያውጁ የተቃወሙት ተለይተው በ1968 ባግዳድ ላይ «ጥንታዊት የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን» ብለው ሌላ መንበር አቆሙ። ይህችው ቤተ ክርስቲያን በ2010 ልደትን ወደ ታኅሣሥ 25 አዛውራለች።

• የአጎትና የወንድም ልጅ ውርስ ያበቃው በኅዳር 1975 ነው፤ ማር ኤሻይ ካሊፎርኒያ ውስጥ በጥይት ተገደሉ። በዓመቱ ማር ዲንኻ አራተኛ በጳጳሳት ምርጫ ለንደን ላይ ተሾሙ። መንበሩም ለረጅም ጊዜ ቺካጎ ቆይቶ በ2015 ወደ ኤርቢል ተዛወረ።

በእኛ መደርደሪያ ላይ

• በገዳሞቻችን «መጻሕፍተ መነኮሳት» የሚባሉ ሦስት መጻሕፍት አሉ፦ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ። መነኩሴ ሁሉ ይማራቸዋል፤ በጉባኤ ቤት አንድምታ ወጥቶላቸው ይተረጎማሉ። ሦስቱም ከሱርስት በዐረብኛ በኩል ወደ ግእዝ የገቡ ናቸው። ሦስቱም ደግሞ ምንጫቸው የዚህችው የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን መነኮሳት ናቸው።

• ማር ይስሐቅ በ7ኛው መቶ ዓመት የነነዌ ጳጳስ ነበሩ። የተወለዱት በዛሬዋ ቀጠር አካባቢ ነው። የሾሟቸው ፓትርያርክ ጊዮርጊስ ቀዳማዊ ሲሆኑ፣ ማር ይስሐቅ ጵጵስናውን የያዙት ለአምስት ወር ብቻ ነው። ከዚያ ትተውት ወደ ተራራ ገቡ፤ ታሪካቸውን የጻፉት እንደሚሉት ከንባብ ብዛት ዓይናቸው ጠፋ። በኅዳር 2024 ፓፓ ፍራንቸስኮስ ስማቸውን በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የቅዱሳን መዝገብ ላይ አስገቡ፤ የተነገረውም ማር አዋ ሮምን በጎበኙበት ዕለት ነው።

• አረጋዊ መንፈሳዊ የምንለው ዮሐንስ ዘዳልያታ ነው፤ የ8ኛው መቶ ዓመት መናኝ። የመነነው በቃርዱ ተራሮች፣ ማለትም ሱርስቱ መጽሐፍ ቅዱስ የኖኅ መርከብ ያረፈችበት በሚለው አካባቢ ነው፤ ከሃካሪ ምዕራባዊ ጎን። የገዛ ቤተ ክርስቲያኑ በ780ዎቹ ፓትርያርክ ጢሞቴዎስ ቀዳማዊ በሰበሰቡት ጉባኤ አወገዘችው፤ ተተኪው ፓትርያርክ ኢሾ ባር ኑን ደግሞ ውግዘቱን አነሡለት።

• ፊልክስዩስ ላይ ሲደርሱ ነገሩ ይበልጥ ይጠልቃል። መጽሐፉ ስሙን ያገኘው ከማቡጉ ጳጳስ ከፊሎክሴኖስ ነው፤ የንስጥሮስን ትምህርት በብርቱ ከተቃወሙት የሱርስት ሊቃውንት አንዱ። ሊቃውንት የሱርስቱን፣ የዐረብኛውንና የግእዙን ቅጂ ሲያነጻጽሩ ግን ጥያቄና መልሱ ሌላ እጅ ታየበት፦ የቀጠሩ መነኩሴ ዳዲሾ ስለ ግብፅ አባቶች ታሪክ የጻፈው ማብራሪያ አጭር ቅጂ። ዳዲሾ የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ነው። ስሙ ተቀይሮ በተቃዋሚው ስም ድንበር ባይሻገር ኖሮ መምህራኖቻችን ለዘመናት ሲያራቅቁት የኖሩት መጽሐፍ ወደ ጉባኤ ቤታቸው መግባቱ አጠራጣሪ ነበር።